የአዴ ኑሪያ ግመል

ሐረር፣ አቦከር ሠፈር ከሚገኘው ቤቴ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቶቼ ሴት ልጃቸው ሰሞኑን ትሮምቦን ይዛ መጥታለች። ኢክራም ትባላለች፤ ኮሌጅ ትማራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ የወጣቶች ማርሽ ባንድ ውስጥ ገብታ ኖሮ አሁን የደረጃ ፈተና ደርሶባታል። ፈታኞቹ ውጭ አገር ናቸው አሉ። እሷ ስትጫወት በስልክ ተቀርጻ ትልክላቸዋለች፣ እነሱ ሰምተው ውጤቷን ይልካሉ። በዚህ ዕድሜዬ የሚገርመኝ ነገር እያነሰ ቢመጣም ይኼ ትንሽ ገርሞኛል። በእኛ ጊዜ ፈታኙ ፊትህ ተቀምጦ፣ ከንፈርህ ሲደርቅ እያየ፣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልል ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ስቀመጥ የቢ ፍላት ስኬል፣ የድምፅ መሰላሉ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይመላለስብኛል። ስድስተኛው ድምፅ ላይ ትንሽ ትወርዳለች። ልነግራት እልና፣ ሳይጠየቁ መምከር የጡረተኛ በሽታ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ከውስጥ ሆና፣ "እግርህ እኮ ይመታል" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እግሬ ይመታል።

እኔ ትሮምቦን የያዝኩት ክንዴ ረጅም ስለሆነ አይደለም። ክንዴ አጭር ነው፣ ቁመቴም እንደዚያው። ማርሽ ባንድ ስንቀጠር ትራምፔቱንና ክላርኔቱን ቀድመው የገቡት ተከፋፍለውት፣ ግድግዳ ተደግፎ የቀረው ትሮምቦን ብቻ ነበር፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ተሸክሜው ወጣሁ። ለማያውቅ ሰው፣ ትሮምቦን እንደ ትራምፔት በጣት የሚጫኑት ነገር የለውም። ስላይድ የሚባል የሚገፋና የሚሳብ ቱቦ አለው። ቱቦው የሚቆምባቸው ሰባት ቦታዎች አሉ፣ እኛ ፖዚሽን እንላቸዋለን፣ ምልክት ግን የላቸውም፤ ጆሮና ክንድ ተስማምተው ነው የሚያገኟቸው። ስድስቱን አገኘኋቸው። ሰባተኛው ሩቅ ነው። ትከሻዬን ወደ ፊት ወርውሬ በጣቴ ጫፍ ካልያዝኩት አልደርስበትም። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ስላይዱ ከጣቴ አመለጠና ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ክላርኔት ነፊ ማጅራቱን መታው። አለቃችን ሻምበል ግርማ ቁጡ አልነበሩም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኝ ነበር። የኔ እንቁላል ግን ሰባተኛው ፖዚሽን ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

ያኔ መንግሥቱ የትኛው እንደነበረ ብትጠይቁኝ፣ ሰልፍ ላይ የምንነፋው ዜማ እኔ እያለሁ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ትሮምቦኑ ግን ያው ነበር ከማለት ሌላ የምመልሰው የለኝም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። በስታርች ቀጥ ያለ ካኪ ለብሰን፣ በጥርስ ሳሙና ያነጣነውን ቀበቶ ታጥቀን፣ በእሑድ ጠዋት ከአዲሱ ከተማ ተነሥተን አሮጌውን ከተማ በከበበው ግንብ፣ በጀጎሉ በር ገብተን እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ እንወርድ ነበር። የፔጆ ታክሲዎቹ ጥግ ይይዙልናል። ቢጫና ሐምራዊ የለበሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ያዩናል። ሰልፉ ሲያልቅ አደባባዩ ላይ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በስሙኒ ሁለት ሳምቡሳ በልተን፣ እስከ ጉሮሮው ስኳር የተሞላ ሻይ እንጠጣለን። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ስለ ሐረር ልጅ ዐይን የሚዘፈን ዘፈን ነበረው፤ ግጥሙ ጠፍቶኛል፣ መሐል ላይ የሚገባው ሳክስፎን ግን ዛሬም ፊቴን ስታጠብ ይመጣብኛል። ከዚያ ወርዶ መኪና ግርግር የሚባለው የሰፊዎቹ መንገድ ነው። ሰፊዎቹ በሁለት በኩል ደጃፍ ላይ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ መንገዱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። የካኪዬን እጅጌ እዚያ ነበር የማሳጥረው። ሰፊው ሁልጊዜ፣ ትሮምቦኑንም አምጣውና ላሳጥርልህ ይለኝ ነበር። አሁንም ስፌት መኪናዎቹ አሉ፣ እሱ ግን የለም።

የኛም የደረጃ ፈተና ቀልድ አልነበረም። ሦስተኛ ደረጃን ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ከሙዚቃ ክፍል ወጥቶ ቆላ ወዳለ ጥበቃ ይላካል። እኔ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። አልማዝን ለማጨት የተነሣሁት ደግሞ በዚያው ዓመት ነው። አባቷ ባሻ ዘውዴ ነበሩ፤ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር ላይ የሰፈሩ፣ እሳቸው ግን ሐረርን የፈጠሯት የሚመስላቸው ሰው። ሽማግሌ ስልክባቸው ስለ ዘሬም ስለ ደመወዜም አልጠየቁም። "ልጄን ቆላ ለሚወርድ ሰው አልሰጥም፤ ፈተናውን ይለፍና ይምጣ" ብለው ሽማግሌዎቹን መልሰው ሰደዱ። ስለዚህ ሦስተኛ ደረጃ ለኔ ሦስተኛ ደረጃ ብቻ አልነበረም።

ችግሩ የት እንደምለማመድ ነው። በሠፈራችን ሌሊት ዘብ አድረው ቀን የሚተኙ ሰዎች ነበሩና ሁለት ጊዜ ድንጋይ ተወርውሮብኛል። በመጨረሻ ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ከማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ አዴ ኑሪያ የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ድሬዳዋ የሚነግዱ፣ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ። ግቢያቸው በነጭ ኖራ የተለቀለቀ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሮማን የቆመበት ነው። ትሮምቦኑን አውጥቼ ሳሳያቸው ዞር ዞር ብለው አዩትና ይጮሃል ወይ አሉኝ። ይጮሃል አልኩ። ቱቦው እንዲንሸራተት የፊት ክሬም ስላይዱ ላይ ስቀባ አይተው ደግሞ፣ እኔ ሴትዮዋ ሳልቀባ ቆርቆሮህ ይቀባል ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ቆርጠው ውላችንን ተናገሩ።

"ስማ ልጄ፣ ንፋ። ከፈለግክ ሮማኔ እስኪረግፍ ንፋ። አዛን ሲል ግን ቆርቆሮህ ዝም ይላል። ሌላ ውል የለንም።"

ቀላል መሰለኝ። የሐረርን አዛን አለማወቄ ነው፤ እዚያው ተወልጄ አለማወቄ። ጀጎል ውስጥ መስጊዱ ብዙ ነው፣ ሁሉም ደግሞ በአንድ ላይ አይጀምርም። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከወዲያ ሌላ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን የቅርቡ መስጊድ ሲጨርስ ትሮምቦኔን አነሣሁ። አዴ ኑሪያ ከውስጥ ሆነው፣ "ገና ነው፣ አንድ ቀርቷል" አሉ። እውነትም ትንሽ ቆይቶ፣ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ከጀጎሉ በር አካባቢ ካለች ትንሽ መስጊድ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ተነሣ። አዛን ባዩ አው ሙሜ ይባላሉ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን እስኪወጡ ነው አሉኝ አዴ ኑሪያ። የሽማግሌው ድምፅ ሲያልቅ፣ "በል አሁን ግመልህን ፍታት" አሉኝ። ግመል ያሉት የትሮምቦኑን ድምፅ ነው። የባቢሌ ግመል ሲጭኗት እንደምታሰማው ነው ብለው ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤትም ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ "ዛሬ የአዴ ኑሪያ ግመል አልበላችም እንዴ?" እያለ ያልፋል። ልጆቹ ደግሞ በሩ ላይ ሣር ጥለውልኝ ይሮጣሉ።

እንደዚያ ሆኖ ዓመት አለፈ። ጠዋት ማውዝፒሱን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ረጅም ረጅም ድምፅ አወጣለሁ። ከሥራ ስመለስ ስኬል ነው፦ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ከዚያ ሰባተኛውን ፖዚሽን የሚጠይቁት ክፉዎቹ። ጀርባዬን ለክፍሌ ግድግዳ ሰጥቼ ስቆም የስላይዱ ጫፍ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የሮማኑን ግንድ ለመንካት ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ለኔ ሰባተኛው ፖዚሽን ማለት ሮማኑ ነበር። በመጨረሻ የፈተናውን ድርሰት እይዛለሁ፤ ስሙን አንዳችንም አስተካክለን ልንጠራው ያልቻልነው ፈረንጅ የጻፈው ዝግ ያለ ዜማ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ፒ የሚል ምልክት አለው፣ በጣም ዝቅ ብለህ ንፋ ማለት ነው። ሻምበል ግርማ እዚያ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ያቆሙኝና፣ አንተ ልጅ ሁለቱ ፒ አይታይህም ወይ ይሉኛል። ይታየኛል፣ ግን አልችልም። ሰልፍ ላይ እስከ ታች መንደር እንዲሰማ የተማረ ሳንባ ዝቅ በል ሲባል ይደርቃል። ደግሞ እዚያው አካባቢ ስደርስ አዛኑ ይደርሳል። ስኬሉን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ጀምሬ በተመሳሳይ ሰዓት ስለምጨርስ፣ ዜማው መሐል የከሰዓቱ አዛን ይጠብቀኛል። አቆማለሁ፣ ስላይዱን እቆልፋለሁ፣ አዴ ኑሪያ የቡና ቅጠል የተፈላበት ቁጢ በወተት ያመጡልኛል፣ አው ሙሜ ይጨርሳሉ፣ ካቆምኩበት የኖታ ክፍል፣ እኛ ባር ከምንለው፣ እቀጥላለሁ። ማንም ሰው ይኼን ልማድ ብሎ አልነገረኝም። ፈተናው ቀን ነው ያወቅኩት።

ፈተናው ከጀጎል ውጭ፣ ከበሩ ብዙ በማይርቀው በባንዱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ዋና ፈታኝ ቀጭን፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ መኮንን ናቸው፤ ከጎናቸው አንድ ረዳትና ሻምበል ግርማ ተቀምጠዋል። ተራዬ ጠዋት ነበር። ከፊቴ የነበሩት ስለዘገዩ፣ ምሳም ስለረዘመ፣ የገባሁት ከሰዓት ነው። ስኬሉ ደህና ሄደ። ሮማኑ ባይኖርም እንዳለ አስቤ ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። ኖታ ወዲያው አይቶ መጫወቱም አለፈ። ድርሰቱን ጀመርኩ። ወደ መሐሉ ስቀርብ በተከፈተው መስኮት አዛን ገባ፣ እኔም አቆምኩ።

አስቤ አይደለም። እጄ ስላይዱን ስቦ ቆለፈው፣ ዐይኔ ቁጢ ፈለገ።

"ጠፋህ?" አሉ ፈታኙ።

በአዛን ሰዓት መናገር አልለመድኩም። አንዱ መስጊድ ሲጨርስ ሌላው እየቀጠለ ቆይቶ ሲያበቃ ትሮምቦኑን አነሣሁና ካቆምኩበት ባር ቀጠልኩ። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው የመቱት።

"ቁም። ለምንድን ነው ያቆምከው?"

"አዛን ሆኖ ነው፣ ጌታዬ።"

"እስላም ነህ?"

"አይደለሁም፣ ጌታዬ። ያከራዩኝ እናት ናቸው። ከሳቸው ጋር ውል አለን።"

ረዳቱ ጉንጩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ሻምበል ግርማ መስኮቱን አዩ። ፈታኙ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ሰልፍ ላይ አንተ ስትቆም የኋላህ ሰው ጀርባህ ላይ ይወጣል አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምር፣ አሁንም ካቆምክ ግን ፈተናው እዚያው ላይ ያበቃል ብለው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ከወትሮውም አጥብቄ ነፋሁት። ሁለቱ ፒ ጋ ልደርስ አንድ ባር ሲቀረኝ አው ሙሜ ጀመሩ።

እንዴት እንደረሳኋቸው አላውቅም። በአዳራሹ ድንጋጤ ውስጥ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ገና ነው፣ አንድ ቀርቷል። የአዴ ኑሪያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ እንዲህ አለ፤ ከሱ አጠገብ ደግሞ ቆላው፣ ባሻ ዘውዴ፣ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ። ባቆም ሁሉም ነገር ያበቃል። ሽማግሌው ላይ መንፋት ደግሞ እጄ እምቢ አለ። ፈራሁ፤ የዚያን ቀን የፈራሁትን ያህል በኋላ ልጄ ሲታመም ነው የፈራሁት። እናም ሳላቆም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፤ ከማውዝፒሱ የሚወጣው ትንፋሽ ይሁን ድምፅ እስከማይለይ። አው ሙሜ እየተንቀጠቀጡ ከላይ ይሄዳሉ፣ እኔ ከሥራቸው ጎንበስ ብዬ እሄዳለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሰባተኛው ፖዚሽን አለ፤ ትከሻዬን ወረወርኩ፣ ሮማኑን ነካሁት። እሳቸው ሲጨርሱ እኔም ከዝቅታው ወጣሁ።

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። "ይኼን ምልክት አይቶ የሚታዘዝ ትሮምቦን ነፊ ዛሬ ገና አገኘሁ" አሉ። ሻምበል ግርማ አሳላቸው። እኔ የታዘዝኩት ለምልክቱ አልነበረም፤ ግን ሰውዬውን ለማረም ቦታው አልነበረም። ከመውጣቴ በፊት ማለፌን ነገሩኝ፣ አንድ ጊዜ ማቆሜም መዝገቡ ላይ እንደሚሰፍር ጨመሩ።

ምሥራቹን ለአልማዝ ልንገር ብዬ ተነሥቼ እግሬ ወደ ጀጎል ወሰደኝ። አዴ ኑሪያ ከቤታቸው ቀይ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አለፍክ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ ከፊቴ አንብበውታል።

"አዴ፣ ውሉን አፈረስኩ" አልኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ከአው ሙሜ ድምፅ በላይ ነበርክ ወይስ በታች?"

"በታች። እኔ ራሴን በቅጡ አልሰማሁም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ አልልም አዴ፣ በእመቤቴ ልማል።"

"እሱም ይሆናል" አሉና ሰፌዱን መልሰው ያዙ። "የኔን ትቼልሃለሁ። የሳቸውን ግን ሄደህ ለራሳቸው ንገራቸው። ባዶ እጅህንም አትሂድ።"

በማግስቱ ከድሬ ጠያራ ከሚመጡት ገበሬዎች በሩ ላይ አንድ እስር ጫት ገዝቼ ወደ ትንሿ መስጊድ ሄድኩ። አው ሙሜ አጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በመጨረሻ ገባቸውና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "እኔ እንኳን ያንተን የራሴንም አልሰማም፣ ልጄ" አሉ። እግራቸው ደህና እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የሌሎቹ አዛን ስለማይሰማቸው፣ ጊዜውን እንዳይስቱ ይፈራሉ። ስለዚህ ከላይ ሆነው የወዲያኛው መስጊድ ሰው ጨርሶ ሲወርድ ካዩ በኋላ ነው የሚጀምሩት። ለሰው አትናገር አሉኝ። ለአዴ ኑሪያ እንኳ አልተናገርኩም። እሳቸውም እስከ መጨረሻቸው ለአው ሙሜ እግር እንዳዘኑ ኖሩ።

አልማዝን በዚያው ዓመት ጥር ላይ አገባሁ። ባሻ ዘውዴ በሠርጉ ላይ አማቻቸው የሙዚቃ ሊቅ እንደሆነ ለእንግዳው ሁሉ አወሩ። ሁለተኛ ደረጃን፣ ቆይቶም አንደኛን ወሰድኩ፤ ከአዴ ኑሪያ ግቢ ከወጣሁም በኋላ ለልምምድ እዚያው ነበር የምሄደው፣ ሮማኑ ስለነበረ። አዴ ኑሪያ ያረፉት ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። እኔ በሥራዬ የስንቱን ባለማዕረግ፣ የስንቱን ነጋዴ ቀብር የሐዘን ማርሽ ነፍቼ ሸኝቻለሁ። ለሳቸው ግን፣ በእስላም ቀብር ማርሽ ስለማይነፋ፣ ምንም የምነፋው አልነበረም። ከወንዶቹ ጋር ጀናዛውን ተከትዬ ሄድኩ፣ አፈር ሲመለስ አየሁ፣ አለቀስኩ። ቤት ገብቼ ትሮምቦኑን ከሳጥኑ ሳላወጣ ሰነበትኩ። አለቃዬ ምን ሆነሃል ሲለኝ ውል አለብኝ ከማለት ሌላ ማስረዳት አልቻልኩም።

ትናንት ኢክራም ስልኳን ግንቡ ላይ አቁማ የፈተናዋን ድርሰት ስትቀርጽ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። አዛን ሆነና አቆመች። አሁን ሁሉም ድምፅ ማጉያ አለው፣ ሰማዩ ይሞላል። ሲያልቅ ስልኳን አስተካክላ ትሮምቦኑን አነሣች። የትንሿ መስጊድ አዛን ባይ አሁን ጎረምሳ ነው፣ ጆሮውም እግሩም ደህና ነው፤ ግን መጨረሻ መጀመር የዚያች መስጊድ ልማድ ሆኖ ቀርቷል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሳልጠየቅ አልናገርም ማለቴን ረሳሁት።

"ገና ነው" አልኳት በአጥሩ ላይ። "አንድ ቀርቷል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ወዲያው የመጨረሻው ተነሣ። "ይሄኛው ነው እኮ ሁልጊዜ ቀረጻዬን የሚያበላሽብኝ፣ አባባ" አለችኝ ድምፅዋን ቀንሳ። አብረን ጠበቅን። አልማዝ ከውስጥ ደግሞ ልትነግራት ነው ስትል ሰማሁ። ድምፁ አለቀ፣ ማጉያውም ጠፋ።

"በይ አሁን ግመልሽን ፍቻት" አልኳት።

ግመሏ ምን እንደሆነች አላወቀችም። ግን ፈታቻት።